ባንክ የወሰደውን ቤት በትንሽ ካፒታል ተወዳድሮ ለመግዛት፦ ከሜሪላንድ ልምድ

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ቀን ስራ ውሎ ማታ ማታ ሊስቲንግ (ለሽያጭ የወጡ ቤቶችን ዝርዝር) ለሚያይ ሰው ነው። አንድ ሁለት ቤት ገዝቶ ማከራየት ወይ አድሶ መሸጥ የሚፈልግ፣ እጁ ላይ 60 ሺ፣ 80 ሺ፣ ቢበዛ 100 ሺ ዶላር ያለው ሰው። እኔ የመጀመሪያዎቹን 7 ኦፈሮቼን (ለሻጩ ያቀረብኳቸውን የግዢ ጥያቄዎች) በሙሉ ተሸንፌያለሁ። ስምንተኛውን ያገኘሁት ግን ዋጋ ጨምሬ አይደለም፣ ሊስቲንግ ኤጀንቱ (ቤቱን ለባንኩ የሚሸጥለት ሰው) በኋላ እንደነገረኝ ከኔ 9 ሺ ዶላር የበለጠ ያቀረበ ሰው ነበር፣ ግን ወረቀቱ ጎዶሎ ነበር፣ የገንዘብ ማስረጃው የቆየ ነበር፣ ባንኩ የኔን ወሰደ። ከዛ ቀን ጀምሮ የገባኝ ነገር አለ፦ ባንክ ቤት ሲሸጥ ስንት ትሰጠኛለህ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፣ በተባለው ቀን ትዘጋልኛለህ፣ ማለትም ከፍለህ ግዢውን ትጨርሳለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ትንሽ ሰው ከትልልቆቹ ጋ የሚስተካከለው በዚች ጥያቄ ላይ ነው፣ በሷና በትዕግስት።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ

ሰው ሁሉንም በደፈናው «ፎርክሎዠር» ይለዋል ግን 3 የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ባለቤቱ ሞርጌጅ መክፈል አቅቶት ገና በሂደት ላይ ያለ ቤት ነው፣ ቤቱ አሁንም የሰውየው ነው። ሁለተኛው ሐራጁ ነው፣ እዚ ሜሪላንድ ጉዳዩ በካውንቲው ሰርኪዩት ኮርት ተከፍቶ ትረስቲ የሚባለው ጠበቃ ቤቱን በጨረታ ይሸጣል፣ ከዛ ደሞ ፍርድ ቤቱ ሽያጩን እስኪያጸድቅ ይጠበቃል፣ ብዙ ጊዜ ውስጡን ሳታዩ ነው የምትገዙት፣ ውስጥ ሰው ካለም የእናንተ ጣጣ ነው። ሶስተኛው በዛ ሐራጅ ላይ ባንኩ ከጠራው ዋጋ በላይ የሚሰጥ ሰው ሲጠፋ ቤቱ ባንኩ እጅ የሚገባው ነው። አር-ኢ-ኦ የሚሉት እሱን ነው፣ እኔም የማወራው ስለሱ ብቻ ነው። ለትንሽ ሰው የሚሻለውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም በር ተከፍቶላችሁ ውስጡን ታያላችሁ፣ በኤጀንት ነው የሚሸጠው፣ በሎን መግዛት ይቻላል፣ የድሮው ባለቤት ሞርጌጅም በፎርክሎዠሩ ተጠርጎ አልቋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ የባንክ ቤት ማለት ርካሽ ቤት ማለት አይደለም። ባንኩ ቤቱን ሊስት ከማድረጉ በፊት የአካባቢ ብሮከር ልኮ ዋጋ ያስገምታል፣ አንዳንዴ 2 ብሮከር። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በሜሪላንድ ክፉኛ ከተመቱት ቦታዎች አንዱ ነበር፣ ብዙ የኛም ሰው ቤቱን አጥቷል፣ በዛው ጊዜ ደፍሮ የገዛ ደሞ ዛሬ ደህና ቦታ ደርሷል። ያን ጊዜ እያሰባችሁ በግማሽ ዋጋ አገኛለሁ ብላችሁ ከመጣችሁ ታዝናላችሁ፣ አሁን ቤቱ ጥቂት ነው ፈላጊው ብዙ ነው።

1ኛ፦ ገንዘቡን ቤት ከማየታችሁ በፊት አዘጋጁ

እዚጋ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ የኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚ ነው። የኛ ሰው ገንዘብ አለው፣ ግን ገንዘቡ ወረቀት የለውም።

ብዙዎቻችን ዳውን ፔይመንት የምናጠራቅመው በእቁብ ነው። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔንም ቤት ያስገዛኝ እሱ ነው። ችግሩ እቁቡ ደርሷችሁ 30 ሺ ዶላር ዛሬ አካውንት ውስጥ ብትከቱና ነገ ሎን ብትጠይቁ ነው። ሎን ሰጪው የመጨረሻ 2 ወር ስቴትመንት ይጠይቃል፣ ከደሞዝ የማይመስል ትልቅ ብር ካየ ከየት መጣ ይላል፣ እቁብ ነው ብትሉት አይገባውም፣ ቢገባውም ወረቀት ይፈልጋል። ቤተሰብ ነው የሰጠኝ ብሎ የስጦታ ደብዳቤ ማቅረብም ለኢንቨስትመንት ቤት በተለመደው ኮንቬንሽናል ሎን አይሰራም፣ የስጦታ ገንዘብ የሚፈቀደው ለምትኖሩበት ቤት ነው። ስለዚህ መላው ቀላል ነው፦ የእቁቡን ዕጣ ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፣ አካውንት ውስጥ አስገቡትና 2 ሙሉ ስቴትመንት እስኪያልፍበት ሳትነኩት አስቀምጡት፣ ስታዋጡ የከፈላችሁበትንም መዝገብ ያዙ።

ካሽ ከሆነ ደሞ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግስት ሪፖርት ይሞላል፣ ይሄ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ገንዘቡ የላባችሁ ከሆነ አስገቡትና ሂዱ። ሪፖርቱን ፈርታችሁ ዛሬ 9 ሺ ነገ 8 ሺ እያላችሁ ከፋፍላችሁ ማስገባት ግን እሱ ራሱ ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹህ ቢሆን እንኳን። አንድ የማውቀው ልጅ ሰው መክሮት እንዲህ አድርጎ አካውንቱ ተዘግቶበት ክሎዝ ሊያደርግ 2 ሳምንት የቀረው ቤት አመለጠው።

ከየት ትበደራላችሁ የሚለው ላይ፦ ኮንቬንሽናል ከሆነ ለማትኖሩበት ባለ አንድ ቤተሰብ ቤት ትንሹ ዳውን 15 በመቶ ነው፣ ከ2 እስከ 4 ዩኒት ከሆነ 25 በመቶ ነው፣ በዛ ላይ ብዙ ጊዜ የ6 ወር ክፍያ የሚሸፍን መጠባበቂያ አካውንት ውስጥ ማየት ይፈልጋሉ። የተጎዳ ቤት ከሆነ፣ ኩሽና የሌለው ወይ ማሞቂያው የማይሰራ፣ መደበኛ ሎን አያልፍም፣ ያኔ ሃርድ መኒ የሚባለው የግል አበዳሪዎች የአጭር ጊዜ ብድር ይመጣል፣ ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ በላዩ ላይ ፖይንት (ከብድሩ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ) ያስከፍላሉ፣ ስድስት ወር ታስቦ አመት ከፈጀ ትርፋችሁን ይበላዋል። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማትነኩ ደሞ ሁለት ሶስት ሆናችሁ በካሽ መግዛት ነው ያላችሁ፣ ይሄ እንደውም ለባንኩ በጣም የሚወደድ ኦፈር ነው። ግን ጓደኛ ከጓደኛ ጋ ሲገዛ በመተማመን ብቻ አትግቡ፣ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አውጡ፣ ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ስራውን ይቆጣጠራል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ እንዴት ይወጣል የሚለውን ጽፋችሁ ፈርሙ። ገንዘብ ያለያያቸው አብሮ አደጎች አይቻለሁ፣ ሁለቱም ክፉ ሰው አልነበሩም፣ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ነው።

2ኛ፦ ቁጥራችሁን ቀድማችሁ እወቁ

ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት ከዚ በላይ አልሄድም የምትሉት ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ብዙ ሰው 70 በመቶ የሚለውን ህግ ሰምቷል፣ ታድሶ ከሚሸጥበት ዋጋ 70 በመቶውን ወስዶ የጥገናውን መቀነስ ነው። ለቶሎ ግምት ጥሩ ነው ግን እኔ ዝርዝሩን እሰራለሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ታድሶ 320 ሺ ይሸጣል ያላችሁት ቤት አለ፣ ይሄን የምትሉት በዛው ሰፈር ባለፉት 6 ወራት ታድሰው የተሸጡ 3 ተመሳሳይ ቤቶች አይታችሁ ነው እንጂ ዋጋ የሚገምቱ ዌብሳይቶችን አምናችሁ አይደለም። መሸጫ ወጪ፣ ኮሚሽንና ታክስ ምናምን 8 በመቶ በሉት 25,600። ጥገና 55 ሺ፣ ያልታሰበ ነገር ሁሌም ስላለ 15 በመቶ ጨምሩበት 63,250 ይሆናል። ቤቱን ይዛችሁ የምትቆዩበት ወለድ፣ ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ መብራት በወር 2,400 ለ6 ወር 14,400። ስትገዙ የክሎዚንግ ወጪ 9 ሺ። ለድካማችሁ የምትፈልጉት ትርፍ 40 ሺ። ድምሩ 152,250 ነው፣ ከ320 ሺ ሲቀነስ 167,750 ይቀራል። ቁጥራችሁ እሱ ነው። ባንኩ 195 ሺ ከጠየቀ ቤቱ የናንተ አይደለም፣ ገና አይደለም ማለቴ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አድሳችሁ ልትሸጡ ከሆነ አንድ ህግ አትርሱ፦ በኤፍ-ኤች-ኤ ሎን (የፌደራል መንግስት ዋስትና ባለው ብድር) የሚገዛ ሰው እናንተ ቤቱን ከያዛችሁ 90 ቀን ሳይሞላ ከናንተ ጋ ውል መፈረም አይችልም። 320 ሺ አካባቢ ቤት ከሚገዛው ሰው ደሞ በዛ ሎን የሚመጣ ብዙ ነው፣ ስለዚህ በ45 ቀን ብትጨርሱም ወጪያችሁን ስታሰሉ ይሄን ቁጠሩት።

ማከራየት ከሆነ ሃሳባችሁ ስሌቱ ሌላ ነው፣ ኪራዩ ሞርጌጁን፣ ታክሱን፣ ኢንሹራንሱን፣ ኤችኦኤውን (የሰፈሩን ቤቶች ማህበር ክፍያ)፣ በዓመት አንድ ወር ባዶ የሚቆይበትንና ጥገናውን ከፍሎ የሚተርፍ ነገር አለ ወይ ነው። ሞርጌጁን ብቻ ከሸፈነ አትግዙ።

3ኛ፦ ቤቱ የማን እንደሆነ ለዩ፣ ቀኑን ቁጠሩ

የባንክ ቤት ሲባል ሻጩ አንድ አይነት አይደለም። ፋኒ ሜና ፍሬዲ ማክ ከባንኮች ላይ ሞርጌጅ የሚገዙ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፣ ፋኒ ሜ ቤቶቹን ሆምፓዝ በሚባለው ሳይት ያወጣል፣ ፍሬዲ ማክ ሆምስቴፕስ በሚባለው። ኤፍ-ኤች-ኤ ዋስትና የሰጠባቸው ቤቶች ሲወሰዱ ወደ ሃድ (የፌደራሉ የቤቶች መስሪያ ቤት) ይሄዳሉ፣ ሃድ ሆም ስቶር ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ እዛ ለመወዳደር ሃድ ጋ የተመዘገበ ብሮከር ያስፈልጋል። ከዛ የግል ባንኮቹ አሉ፣ እነሱ በተራ ኤጀንት በኩል ሊስት ያደርጋሉ። ሌሎቹ ኦንላይን ጨረታ ላይ ይወጣሉ፣ እዛ ከዋጋው በላይ ባየርስ ፕሪሚየም የሚባል፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ የሆነ ክፍያ አለ፣ 160 ሺ ብላችሁ ያሸነፋችሁት 168 ሺ ነው ማለት ነው፣ ቁጥራችሁ ውስጥ ካልገባ ተበልታችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። ፋኒ ሜና ፍሬዲ ማክ ፈርስት ሉክ የሚባል ጊዜ አላቸው፣ ቤቱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ30 ቀን ኢንቨስተር መግዛት አይችልም፣ የሚኖርበት ሰውና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ብቻ ናቸው ኦፈር የሚታይላቸው። ድሮ 20 ቀን ነበር፣ በ2021 ነው ወደ 30 ያሳደጉት። ሃድም የራሱ ተመሳሳይ ጊዜ አለው፣ ሊስቲንጉ ላይ ማን መወዳደር እንደሚችል ተጽፏል። ብዙ ኢንቨስተር ይሄን ሲያይ ሊስቲንጉን ዘግቶ ይሄዳል። እናንተ እንደዛ አታድርጉ። ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉት፣ በነዛ 30 ቀናት ውስጥ ቤቱን እዩት፣ ኮንትራክተር አስገምቱ፣ ሎናችሁን አስተካክሉ፣ ወረቀታችሁን በሙሉ አዘጋጁና በ31ኛው ቀን ጠዋት ኦፈራችሁ ኤጀንቱ ጋ ይድረስ። በ30 ቀን ያልተሸጠ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገሩ የሚያስፈራ ነው፣ ሽታ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ውሃ የገባበት ቤዝመንት፣ ቤተሰብ ሊኖርበት የመጣ ሰው እሱን አይቶ ሸሽቷል። ያን አስፈሪ ነገር በገንዘብ መለካት ከቻላችሁ ያ ቤት ለናንተ ነው የተቀመጠው።

እዚጋ አንድ ከልቤ የምለው ነገር አለ። በሚስቴ ስም፣ በወንድሜ ስም እንኖርበታለን ብለን እንግዛው የሚል ምክር በኛ ሰው መሃል ይዞራል። አታድርጉት። ሃድ ቤት ስትገዙ ቢያንስ 12 ወር እኖርበታለሁ ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ በውሸት የፈረመ እስከ 250,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 2 ዓመት እስር ሊያገኘው እንደሚችል የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ራሱ ተጽፏል። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደሞ መዘዙ ከገንዘብም ያልፋል።

ግን እውነተኛው መንገድ ክፍት ነው። ገና የራሳችሁ ቤት ከሌላችሁ መጀመሪያ የምትኖሩበትን ግዙ። ከ2 እስከ 4 ዩኒት ያለው ቤት በኤፍ-ኤች-ኤ 3.5 በመቶ ዳውን መግዛት ይቻላል፣ አንዱ ውስጥ እየኖራችሁ ሌላውን ታከራያላችሁ፣ በፈርስት ሉኩ ጊዜም ከኢንቨስተር ጋ ሳትጋፉ ትወዳደራላችሁ፣ ዓመቱን ኖራችሁበት ስትወጡ ሙሉውን ታከራዩታላችሁ። ከባልቲሞር እስከ ሃያትስቪል እንደዚ የጀመሩ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። እኔ ግን የመጀመሪያ ቤቴን ስገዛ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ባለ አንድ ቤተሰብ ገዛሁ።

4ኛ፦ ቤቱን ስታዩ

ከኦገስት 2024 ጀምሮ ኤጀንት ቤት ሊያሳያችሁ ከሆነ ቀድሞ በጽሁፍ ውል ትፈራረማላችሁ፣ ክፍያውን ማን ይከፍላል የሚለው እዛ ውስጥ አለ፣ ባንኩ የገዢን ኤጀንት ላይከፍል ስለሚችል ቁጥራችሁ ውስጥ አስገቡት። ኤጀንቱ የባንክ ቤት ሸጦ የሚያውቅ ይሁን። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ሰርግ ላይ የተዋወቃችሁትን ልጅ አትያዙ።

ባዶ የቆየ ቤት መብራቱ ተቆርጧል፣ ውሃው ተዘግቷል፣ ክረምት ላይ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውሃው ተጠርጎ ሽንት ቤቱ ላይ ቴፕ ተለጥፎበታል። መብራት ከሌለ ቤዝመንት ውስጥ ውሃ የሚያወጣው ሳምፕ ፓምፕ አይሰራም ማለት ነው፣ አንድ ትልቅ ዝናብ ይበቃዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወደታች ውረዱ፣ ግድግዳው ላይ የውሃ መስመር እዩ፣ አሽትቱ። ከዛ ውጪ ወጥታችሁ የኤሲው ማሽን ቦታው ላይ አለ ወይ፣ መዳብ ቧንቧው ተቆርጦ ተወስዷል ወይ። ጣሪያው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ። ባትሪ መብራት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ ኮንትራክተር ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉም በላይ የማሳስባችሁ የፍሳሽ መስመሩን ነው። የቆየ የጡብ ቤት ከሆነ ከቤት እስከ መንገድ ያለው ቱቦ ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፣ የዛፍ ስር ይገባበታል፣ ካሜራ ማስገባት ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ ሳታዩት ብትገዙና ተሰብሮ ቢገኝ ጓሮው በሙሉ ተቆፍሮ በሺዎች ነው የሚወጣው። እኔ ሁለተኛ ቤቴ ላይ 400 ዶላር ለመቆጠብ ብዬ ትቼው 11 ሺ ከፍያለሁ፣ ያኔ የልጄ የኮሌጅ ክፍያ የደረሰበት ጊዜ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ውሃውን ከፍቶ ለመፈተሽ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወጪውም በናንተ ነው፣ ካልፈቀዱ ፕላምበር በአየር ግፊት ቧንቧውን ሊፈትሽላችሁ ይችላል፣ ጠይቁ።

5ኛ፦ ኦፈሩን አንድ ጊዜ፣ ሙሉ አድርጋችሁ አስገቡ

ባንኩ ውስጥ የሚወስነው ሰው ቤቱን አይቶት አያውቅም፣ ምናልባት ቴክሳስ ተቀምጦ በመቶ የሚቆጠር ፋይል ከፊቱ ያለ አሴት ማናጀር ነው። ታሪካችሁ፣ ቤተሰባችሁ፣ ሰፈሩን መውደዳችሁ እሱጋ አይደርስም። የሚያየው አንድ ገጽ ነው፦ ዋጋ፣ ካሽ ወይ ሎን፣ ያስያዛችሁት ብር፣ የሚዘጋበት ቀን፣ ቅድመ ሁኔታ። ስለዚህ ኤጀንታችሁ ከማስገባቱ በፊት ሊስቲንግ ኤጀንቱን ደውሎ ይጠይቀው፣ በየትኛው ፎርም ነው የሚቀበሉት፣ ኤልኤልሲ ከሆነ ምን ወረቀት ይፈልጋሉ፣ ቀነ ገደብ አለ ወይ፣ አንዳንዱ ባንክ ደሞ የራሱ ሎን ኦፊሰር እንዲያያችሁ ይፈልጋል፣ ከሱ የመበደር ግዴታ የለባችሁም፣ አናግሩትና ወረቀቱን ያዙ። ከዛ ሁሉን ነገር በአንድ ፋይል፦ የተፈረመ ኦፈር፣ ቀኑ ከ30 ቀን ያላለፈ ፕሪአፕሩቫል (የሎን ሰጪው ቅድመ ፈቃድ ደብዳቤ) ወይ የባንክ ስቴትመንት፣ የኤርነስት መኒው፣ ማለትም የቀብዱ፣ ቼክ ኮፒ፣ የኤልኤልሲው ወረቀት። ስማችሁ በሁሉም ላይ አንድ አይነት ይጻፍ፣ የኛ ስም የአያት ስም አንዴ ገብቶ አንዴ ወጥቶ ፓስፖርት ላይ ሌላ ባንክ ላይ ሌላ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው፣ በዚ ብቻ የሚመለስ ፋይል አለ። በኤልኤልሲ ልትገዙ ከሆነ ኦፈሩንም በሱ አስገቡ፣ ባንኮች በኋላ ስም መቀየር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅዱም።

ቀብዱን ከተለመደው ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ገንዘቡ የናንተው ነው ወደ ዋጋው ይገባል፣ ግን ቁም ነገረኛ መሆናችሁን ያሳያል። የኢንስፔክሽን ቅድመ ሁኔታን ሙሉ በሙሉ አንሱ የሚሏችሁ አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ ይልቅ ቀድማችሁ አስፈትሹና ቀኑን ወደ 5 ወይ 7 አሳጥሩት። የሚዘጋበትን ቀን የምትችሉትን ብቻ ጻፉ። በ21 ቀን እዘጋለሁ ብሎ በ35ኛው ቀን የመጣ ሰው የባንኩ ውል ላይ ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን ቅጣት አለበት።

ዋጋው ላይ ክብ ቁጥር አትጻፉ። 165 ሺ የሚጽፍ ብዙ ነው፣ 166,350 ብትሉ እኩል የሆኑትን ሁሉ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ከሌላው ሰው በ1 ሺ እበልጣለሁ የሚለውን አንቀጽ ባንኮች በብዛት አይቀበሉም።

6ኛ፦ «የመጨረሻ ዋጋችሁን አምጡ» ሲሏችሁ

ብዙ ኦፈር ከመጣ ባንኩ ለሁሉም ሃየስት ኤንድ ቤስት ብሎ ይልካል። ልብ የሚመታበት ሰዓት እሱ ነው፣ እዚጋ ነው ሰው በእልህ የሚገባው። ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡና ተመልከቱት። ከሱ በታች ከነበራችሁ እስከሱ ድረስ ሂዱ፣ እዛ ከሆናችሁ ዋጋውን ተዉትና ሌላውን አሻሽሉ፣ ቀኑን አሳጥሩ፣ ቀብዱን ጨምሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ በእልህ የተገዛ ቤትም እንደዛው ነው።

ተሸነፋችሁ? አልጨረሳችሁም። ባካፕ (ተጠባባቂ ገዢ) ሆናችሁ መቆየት እንደምትፈልጉ ኤጀንታችሁ በጽሁፍ ይላክ። የባንክ ቤት ውል ብዙ ጊዜ ይፈርሳል፣ አንዱ ሎኑ አያልፍለትም፣ ሌላው ኢንስፔክሽን አይቶ ይደነግጣል። በ2 ሳምንቱ፣ በ3 ሳምንቱ በትህትና ይደወል፣ ቤቱ ምን ደረሰ፣ ገንዘባችን አሁንም ዝግጁ ነው ብሎ። ቅድም 195 ሺ ተጠይቆበታል ያልኩት አይነት ቤትም እንደዛው፣ ባንኮች ቤቱ ሳይሸጥ ሲቆይ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ አካባቢ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ በቀነሱ ቁጥር ያችኑ ኦፈር አድሳችሁ ላኩ። ካሉኝ 3 ቤቶች ሁለቱን ያገኘሁት እንደዚ ነው፣ ሌላ ሰው አሸንፎኝ ተመልሰው የመጡ ናቸው። ሃድ ቤት ከሆነ የመጀመሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ በየስራ ቀኑ ኦፈር ስለሚከፈት ኤጀንታችሁን አሳስቡት።

7ኛ፦ የባንኩን አደንደምና ታይትሉን አንብቡ

ኦፈራችሁን ሲቀበሉ 20፣ 30 ገጽ አደንደም (የባንኩን ተጨማሪ ውል) ይልካሉ። እናንተ በፈረማችሁት ውልና በአደንደሙ መካከል ልዩነት ካለ አደንደሙ ነው የሚያሸንፈው፣ ስለዚህ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ካልገባችሁ ለሪል እስቴት ጠበቃ ጥቂት መቶ ዶላር ክፈሉ። ሶስት ነገር ፈልጉ፦ የትራንስፈርና የሪከርዴሽን ታክሱን (ቤቱ ወደ ስማችሁ ሲዛወርና ሲመዘገብ የሚከፈለውን) ማን ይከፍላል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ይሄ ትልቅ ብር ነው፣ ሙሉውን ወደናንተ ሊገፉት ይችላሉ። የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ስንት ነው። ቀብዱ በምን ሁኔታ ይቀራል።

ባንኩ የሚሰጣችሁ ዲድ (ቤቱን ወደ ስማችሁ የሚያዛውረው ሰነድ) ብዙ ጊዜ ስፔሻል ዋራንቲ የሚባለው ነው፣ እኔ በያዝኩበት ጊዜ ችግር አልፈጠርኩም ከዛ በፊት ለነበረው አላውቅም ማለቱ ነው። ስለዚህ የባለቤት ታይትል ኢንሹራንስ (የባለቤትነት መብታችሁን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ) ግዙ፣ ሎን ሰጪው የሚያስገዛችሁ የሱን ነው የሚጠብቀው እንጂ የናንተን አይደለም። ታይትል ካምፓኒው ያልተከፈለ የኤችኦኤ፣ የውሃና የታክስ ዕዳ እንዲያጣራ በስም ጠይቁ። የድሮው ባለቤት የፌደራል ታክስ ዕዳ ከነበረበት አይ-አር-ኤስ ከሐራጁ በኋላ ቤቱን መልሶ የመግዛት የ120 ቀን መብት አለው፣ ያ ቀን ማለፉን አረጋግጡ።

ባልቲሞር ከሆነ አንድ ልዩ ነገር አለ፣ ግራውንድ ሬንት። ቤቱ የናንተ ይሆናል መሬቱ ግን የሌላ ሰው ሆኖ በየዓመቱ ኪራይ ትከፍሉበታላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ50 እስከ 150 ዶላር የሆነች ትንሽ ብር ናት፣ ትንሽ ስለሆነች ሰው ይረሳታል፣ ስትረሳ ጣጣ ታመጣለች። ቆይተው ከተጻፉት ውሎች በብዙዎቹ የመሬቱን መብት መግዛት ይቻላል፣ ከ1888 እስከ 1982 ባለው ጊዜ የተጻፈ ከሆነ የዓመቱን ኪራይ ለ0.06 ታካፍሉታላችሁ፣ 90 ዶላር ከሆነ 1,500 ዶላር ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። እዛው ከተማ ቤቱ ላይ የባዶ ቤት ማስታወቂያ ተለጥፎበት ከሆነም ታድሶ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይወጣ ሰው አይገባበትም፣ የፈቃዱን ጊዜና ወጪ ቁጥራችሁ ውስጥ ጨምሩ።

8ኛ፦ ውስጥ ሰው ካለ

ይሄን ስታነቡ በዛ ቤት ውስጥ ያለው ሰው አንድ ቀን እኛ ልንሆን እንደምንችል አስቡ፣ በ2008 ሆነን አይተነዋል። ህጉም ከተከራይ ጎን ነው፦ በ2009 ወጥቶ በ2018 ቋሚ የሆነው የፌደራል ህግ እውነተኛ ተከራይ ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ እንዲያገኝ ያዛል፣ ውሉ ጊዜ የቀረው ከሆነ ገዢው ራሱ ሊኖርበት ካልሆነ በቀር ውሉ እስኪያልቅ ይቆያል። ቁልፍ ቀይሮ፣ መብራት ቆርጦ ማስወጣት ሜሪላንድ ውስጥ ክልክል ነው። የሚሻለው ሄዶ በአክብሮት ማናገር ነው። ለመኪና ኪራይና ለአዲስ ቤት ዲፖዚት የሚሆን ብር ሰጥቶ፣ የሚወጣበትን ቀን ጽፎ ተፈራርሞ፣ ቁልፉን ሲያስረክብ መክፈል። ከፍርድ ቤት ይልቅ ይረክሳል፣ ሰውየውም ክብሩ ተጠብቆ ይወጣል።

9ኛ፦ ክሎዝ ካደረጋችሁ በኋላ

በዛው ቀን ቁልፍ ቀይሩ፣ ባንኮች አንድ ቁልፍ ለብዙ ቤት ነው የሚጠቀሙት። ኢንሹራንሱ የባዶ ቤት ወይ የግንባታ ፖሊሲ መሆኑን አረጋግጡ፣ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ከቆየ ብዙ ጉዳት አይሸፍንም። መብራቱን ቶሎ አስቀጥሉ፣ ፓምፑ እንዲሰራ።

ልታከራዩት ከሆነ ባልቲሞር ሲቲም፣ ፕሪንስ ጆርጅስም፣ ሞንትጎመሪም የማከራያ ላይሰንስ ይጠይቃሉ። ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ከሆነ ደሞ በየዓመቱ ሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ጋ መመዝገብና አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት የሌድ (የእርሳስ ብረት መርዝ ያለበት) ቀለም ፍተሻ ሰርተፊኬት ማውጣት ግዴታ ነው። ይሄን ወረቀት ለማሟላት ብቻ አታድርጉት። አሮጌ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚረግፈው አቧራ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ባልቲሞር ውስጥ በዚ የተጎዱ ልጆች በጣም ብዙ ናቸው። መስኮቶቹን ስታድሱ አስቀይሯቸው፣ ፈታሹን ጥሩ፣ ሰርተፊኬቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ለኪራይ አውጡት።